ልብስ ሰፊዋ ሌዘር ስትይዝ፦ ጎንደር ላይ በእጅ የተሠራ አንድ ቦርሳ

ባለጉዳያችን ጎንደር ውስጥ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የምትሠራ ልብስ ሰፊ ናት። ዕድሜዋ በሠላሳዎቹ ውስጥ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። በበዓል ሰሞን ደግሞ ለሀበሻ ቀሚስ ጥለት ትገጥማለች። ስሟ እንዳይጻፍ ስለፈለገች አልጽፈውም። እዚህ የማቀርበው በእጇ የሠራችውን የመጀመሪያ የሌዘር ቦርሳ፣ ከሐሳቡ እስከ ጥገናው ድረስ ነው።

ስለ መጀመሪያ ቦርሳ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መርፌ ይዞ የማያውቅ ጀማሪ ነው። እኔን የሳበኝ ግን ይቺ ሴት ስፌት ማወቋ ነው። ልክ መውሰድ፣ ንድፍ ማውጣት፣ መቁረጥና መግጠም የዕለት እንጀራዋ ነው። ቦርሳው ላይ የረዳትም ያሳሳታትም ይኸው እውቀት ሆነ። የቱ ጋ ረዳት፣ የቱ ጋ አሳሳታት የሚለውን ነው መለየት የምፈልገው።

ለምን ቦርሳ?

ነገሩ የጀመረው በንዴት ነው። «ኦሪጅናል ሌዘር ነው» ተብላ የገዛችው የትከሻ ቦርሳ ገና በወራት ውስጥ ይላጥ ጀመር። መጀመሪያ ማንገቻው መታጠፊያ ላይ ተሰነጠቀ። ከዚያ ክዳኑ እየተቀረፈ ቀሚሷ ላይ ይረግፍ ገባ። ከሥሩ ብቅ ያለውን ስታየው ወዲያው አወቀችው፤ ተራ የቲሸርት ዓይነት ጨርቅ ነው።

ይሄ ገበያውን የሞላው ዕቃ ነው። ጨርቅ ላይ ስስ ፕላስቲክ ይለበጥና የቆዳ መልክ ይታተምበታል። አዲስ ሲሆን ከእውነተኛው ሌዘር በላይ ያምራል። መታጠፍ፣ ሙቀትና እርጥበት ሲደጋገምበት ግን ልባጩ ይሰነጠቃል፤ አንዴ ከተሰነጠቀ ደግሞ መመለሻ የለውም። መግዛት የሚፈልግ ሰው የላዩን ትቶ የተቆረጠ ጠርዝ ይፈልግ። እውነተኛ ቆዳ ጠርዙ ላይ የተጠላለፈ ጭረት ይመስላል። ሰው ሠራሹ ጨርቁንና ልባጩን ለያይቶ ያሳያል። ሻጩ ጠርዙን ሁሉ አጥፎ ሰፍቶት ከሆነ፣ ኪስ ውስጥ ወይም ማንገቻው ሥር አንድ ክፍት ቦታ አይጠፋም።

እሷ የፈለገችው ለሥራ የሚሆን ቦርሳ ነው። መቀስ፣ ሜትር፣ የልክ ደብተርና አንዳንዴ የደንበኛ ጨርቅ የሚይዝ። ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 24፣ ውፍረቱ 8። ከላይ ክዳን ያለው፣ በትከሻ የሚንጠለጠል፣ ማንገቻው 120 ሴንቲ ሜትር። ንድፉን በአንድ ማታ ጨረሰችው። አካሉ አንድ ረጅም ቁራጭ ነው፤ ፊቱ 24፣ ታቹ 8፣ ጀርባው 24፣ ክዳኑ 18፣ በድምሩ 74 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ሁለት ጎኖችና ማንገቻ። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ይሄ ክፍል አላስቸገራትም፤ ወረቀቱን ቆርጣ በስፒል አያይዛ ቅርጹን አየችው፣ ወደደችውም።

የልብስ ማሽን ለምን አልሆነም

መጀመሪያ ያሰበችው በማሽኗ ልትሰፋው ነበር። ያረጀ የሌዘር ጃኬት ቁራጭ ላይ ሞከረችው፤ ነጠላ ሲሆን አለፈ። ወፍራም ሌዘር ደርባ ስትሰጠው ግን መርፌው ተሰበረ። ሌላ መርፌ አስገባች። ይሄኛው ሳይሰበር ቢቀርም ክሩን እየዘለለ ሄደ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የጨርቅ መርፌ ጫፉ ድቡልቡል ነው፤ በድርና በማጉ መካከል እየገፋ ያልፋል። ቆዳ ውስጥ ድርና ማግ የለም፤ የሚገፋ ክር ስለሌለ መርፌው ራሱ መቁረጥ አለበት። ለዚህ ሲባል የሌዘር ማሽን መርፌ ጫፉ እንደ ስለት ተደርጎ ይሠራል፤ ማሽኑም ከላይም ከታችም ይጎትታል። የልብስ ማሽን የሚጎትተው ከሥር ባሉት ጥርሶች ብቻ ነው። ጥርሶቹ ደግሞ ቆዳው ላይ የማይጠፋ ምልክት ትተው ያልፋሉ። ሌላም ችግር አለ፤ ስፌቱ እንደ ልብስ ሲጠጋጋ ቀዳዳዎቹ ይቀራረቡና ቆዳው በዚያው መስመር ይቀደዳል። ጨርቅ ላይ ደቃቅ ስፌት የጥሩ ሙያ ምልክት ነው። ወፍራም ሌዘር ላይ ግን ድክመት ነው።

ስለዚህ በእጅ መሆኑ የግድ ሆነ። ቪዲዮ አይታ ለመማር ብታስብም ጊዜው የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ የቆየበት ወቅት ነበር። ቀደም ብላ ያየቻቸውን ጥቂት ቪዲዮዎች በጭንቅላቷ ይዛ፣ ገበያው ዳር በሸራ ጥላ ሥር የሚሠሩ አንድ አዛውንት ጫማ ሰፊ ጋ ሄደች። ለቦርሳው ይሄ ሳይሻል አልቀረም ብዬ አምናለሁ። ቪዲዮ የቆዳውን መልክ ያሳያል፤ ስትጎትተው ምን እንደሚሆን ግን እጅ ነው የሚያውቀው።

ጋሼ

ጋሼ ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር ኮርቻ ሠርተዋል። ዛሬ የሚሠሩት ሶል መለጠፍ፣ የተቀደደ ጫማ መስፋትና የተማሪ ቦርሳ መጠገን ነው። ኮርቻ የሚያሠራ በከተማው እየጠፋ ነው።

ጎንደርና ቆዳ እኮ የቆየ ትውውቅ አላቸው። እህሉ በስልቻና በአቁማዳ ይጫን ነበር። የመንገዱ ስንቅ በቆዳ በተለበጠ አገልግል ይያዛል። የቆሎ ተማሪው ደበሎ ይለብሳል። የብራና መጽሐፉ ከቆዳ የተሠራ ማኅደር ውስጥ ገብቶ በማንገቻ ይሰቀላል። ያ ማኅደር ክዳንና የትከሻ ጠፍር ያለው በእጅ የተሰፋ ቦርሳ ነው። ከተማው ይህን ሁሉ እየተጠቀመ፣ የሠራውን ሰው ግን «ፋቂ» እያለ ሲንቅ ኖሯል። ጋሼም ይህን አይደብቁም፤ አባታቸው የሠሩት ኮርቻ ከተሸጠበት ቤት ለሠርግ ተጠርተው አያውቁም። እንዲህ ያለው ነገር ሙያን ይገድላል። ልጆቻቸው ሁሉም ሌላ ሥራ ይዘዋል።

ንድፏን ዘርግታ አሳየቻቸው።

«ጋሼ፣ አንቱ ቢሆኑ ከየት ይጀምሩታል?»

ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና ጠርዙ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ይሄ ትርፍ ምንድን ነው ልጄ?»

በሁሉም ጎን 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል የስፌት ትርፍ ትታ ነበር፤ ልብስ ላይ እንደሚደረገው ሰፍታ ልትገለብጠው። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሌዘር ግን እንዲህ አይገለበጥም፤ ቢገለበጥም ማዕዘኑ እንደ ጉብታ ያብጣል። ጫማ ሰፊ ጠርዝን ከጠርዝ አጋጥሞ፣ ከዳር 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ በውጭ ነው የሚሰፋው። ትርፉን ቆረጡት። ቦርሳው በዚህ ብቻ ዓይነቱ ተለወጠ፤ ስፌቱም ጠርዙም ከውጭ የሚታይ ሆነ። ልብስ ላይ የሚደበቀው ሁሉ እዚህ ፊት ለፊት ወጣ ማለት ነው። እሷ ደስ አላላትም፤ «ያላለቀ ይመስላል» አለች። በኋላ ለመደችው።

ቆዳው

ለእኔ የጉዳዩ ዋናው ክፍል ይሄ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አገራችን በበግና በፍየል ቆዳ የታወቀች ናት። ግን ከፋሲካ ማግስት ጎንደር ውስጥ የሚዞር ሰው የበግ ቆዳ መንገድ ዳር ተጥሎ ያያል። የጥሬ ቆዳ ዋጋ በወደቀባቸው ዓመታት የሚሰበስበው ጠፋ። ቆዳ ከተገፈፈ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ጨው ካላገኘ መበስበስ ስለሚጀምር፣ ነገ የሚወስደው ሰው ይመጣል ተብሎ አይቆይም። በዚሁ ከተማ አንድ ሜትር ያለቀለት ሌዘር የፈለገች ልብስ ሰፊ ግን ከሞጆና ከአዲስ አበባ ፋብሪካዎች ዞሮ የመጣውን ትገዛለች። ጥሬው እዚህ ይጣላል፣ ያለቀው በመኪና ይመጣል።

መጀመሪያ ያሳዩዋት የበግ ሌዘር ነበር። ለስላሳና ርካሽ ነው፤ ግን ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ለጓንትና ለጃኬት ግሩም ነው፤ መቀስ ለሚይዝ ቦርሳ ግን አይቆምም። ፊቱ ላይ ደግሞ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ነበሩበት። ይሄ የእከክ ምልክት ነው። ቅማልና መሰል ጥገኛ ነፍሳት በጉን ሲነክሱት የሚመጣ የቆዳ በሽታ ነው። በጉ በሕይወት ሳለ በጸጉር ስለሚሸፈን ብዙም አይታይም፤ ቆዳው ፋብሪካ ገብቶ ጸጉሩ ሲወልቅ ነው የሚጋለጠው። የኢትዮጵያን የበግና የፍየል ቆዳ ጥራት ከሚጎዱት ነገሮች ዋነኛው ይሄ ነው። የላም ቆዳ ላይ ደግሞ የመተኮሻ ጠባሳ፣ የቀንበር ቁስልና የቢላ ንክሻ ይበዛል። የቢላው ጥፋት የገፋፊው ነው። ግቢ ውስጥ በወጥ ቤት ቢላ ሲገፈፍ ከሥጋ ወገን ይበሳል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም።

በመጨረሻ ለጫማ ሰፊዎች ቁርጥራጭ ከሚሸጥ ነጋዴ 2 ሚሊ ሜትር ግድም የሆነ ቡናማ የላም ሌዘር ገዛች። ብቻዋን ነበረች። ከቀረቡላት ውስጥ በጣም ለስላሳውን መረጠች፤ ዋጋውም ረከስ ያለ ነው። ስፋቱን በደንብ አስልታለች። አካሉ 2,220 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ሁለቱ ጎኖች በአንድነት 384፣ ማንገቻው በ3 ሴንቲ ሜትር ወርድ 360። ድምሩ 2,964 ይሆናል። ሌዘር የሚሸጠው በካሬ ፊት ነው፤ አንድ ካሬ ፊት 929 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከ3 አለፍ ይላል። እሷ 5 ገዛች። ቆዳ እንደ ጣቃ ጨርቅ አራት ማዕዘን ስላልሆነ ብክነት ይኖራል ብላ ነው፤ እዚህ ላይ ትክክል ነበረች።

ጋሼ ቁራጩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወዲህና ወዲያ ጎተቱት። ተለጠጠ። ሲለቁት ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

«ይሄ ሆዱ ነው» አሏት።

የጨርቅ አቅጣጫ የሚመጣው ከድርና ከማጉ ነው። ልብስ ሰፊ የትኛው በቁመት፣ የትኛው በወርድ እንደሆነ ዓይኗን ጨፍና ታውቃለች። የቆዳ አቅጣጫ ግን ከእንስሳው አካል ነው የሚመጣው። ጀርባው ላይ ጭረቶቹ ጥቅጥቅ ብለው ስለተያያዙ አይለጠጥም። ከአከርካሪው ጋር ትይዩ ሲቆረጥ ደግሞ ይበልጥ ይጸናል። ወደ ሆድና ወደ ብብት ሲወርድ ጭረቱ ይላላል፤ በሕይወት ሳለም ሲበላና ሲያረግዝ የሚለጠጠው እዚያ ነውና። እንግዲህ ያ የወደደችው ልስላሴ ይሄ መላላት ነበር። ጨርቅ ሲዳሰስ ለስላሳው ብዙ ጊዜ የተሻለው ነው። ሌዘር ላይ ጣት ብቻውን ያታልላል፤ መጎተት ያስፈልጋል። ሻጩም ቢሆን አልዋሸም፤ የቱ አካል እንደሆነ ስላልጠየቀችው አልነገራትም።

ቁራጩ ግን አልተጣለም። ጋሼ መፍትሔ ሰጧት። ለአካሉ ይሁን፤ ከውስጥ ጠንካራ ገበር ከተሰፋበት ገበሩ ይይዘዋል። ለማንገቻው ግን ከጀርባ የተቆረጠ ሌላ ሌዘር ግዢ። ይህን ምክር ግማሹን ሰማች።

መቁረጥና መብሳት

74 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ቁራጭ አልወጣም። መሀል ላይ የቢላ ንክሻ ተገኘ። እዚህ ግን የልብስ ሰፊነቷ አወጣት። ቁራጭ ጨርቅ መቀጣጠል ለሷ የየቀኑ ነገር ስለሆነ አልደነገጠችም። ፊቱንና ታቹን አንድ ላይ፣ ጀርባውንና ክዳኑን አንድ ላይ አደረገች። ሁለቱን በ2 ሴንቲ ሜትር አነባብራ በሁለት መስመር ልትሰፋቸው ወሰነች። ጋሼ የጨመሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መገጣጠሚያው ክብደት ከሚያርፍበት ከታቹ መሀል ወጥቶ ወደ ጀርባው ሥር ይሂድ አሉ።

ምልክቱን በእስክሪብቶ ልታደርግ ስትል ከለከሏት። የእስክሪብቶ ቀለም ሌዘር ላይ አይለቅም። በወስፌ ጫፍ ቀስ ብሎ መጫር ይበቃል። መቁረጫው መቀስ ሳይሆን ካተር ሆነ፤ ከሥሩ ጣውላ፣ ከላዩ የብረት ማስመሪያ። አንዴ በኃይል ከመጫን ቀለል አድርጎ ሁለት ሦስቴ ማለፍ ይሻላል፤ በኃይል ሲጫኑት ቆዳው ይሸሽና መስመሩ ይጣመማል።

ማጣበቂያው የታወቀው ማስቲሽ ነው። በሁለቱም ወገን በስሱ ይቀባል፣ ጣት ሲነካው እስኪያቆም ድረስ ይጠበቃል፣ ከዚያ ተጋጥሞ በመዶሻ መታ መታ ይደረጋል። አንፀባራቂው የላይኛው ገጽ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ አስቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት መሻከር አለበት፤ ያለዚያ ይላቀቃል። መስኮት ተዘግቶ አይሠራም፤ ሽታው ራስ ያዞራል፣ ለሕፃንም አደገኛ ነው። እሷ በረንዳ ላይ ነው የሠራችው።

ቀጥሎ ቀዳዳው። የሌዘር ሹካ የሚባለው መሣሪያ ስላልነበረ በወጥ ቤት ሹካ ምልክት አደረገች፤ በጥርሶቹ መሀል ያለው ርቀት 5 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። ሹካው መስመሩ ላይ ይጫናል፣ ከዚያ የመጨረሻው ጥርስ በመጨረሻው ምልክት ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ይቀጥላል። በወስፌ የሚበሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ትልቁ እክል የመጣው እዚህ ነው። ጎኑ ከአካሉ ጋር የሚሰፋው በሦስት ወገን ነው፤ ወርዶ፣ ታቹን ዞሮ፣ ይወጣል። 24 እና 8 እና 24፣ ማለትም 56 ሴንቲ ሜትር። በ5 ሚሊ ሜትር ርቀት ወደ 110 ቀዳዳ ማለት ነው። ሹካው በየቀዳዳው 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሳሳት፣ በ110 ቀዳዳ 22 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ አራት ቀዳዳ ያህል። አንዱ ጎን ላይ የሆነውም ይኸው ነው። አካሉ ላይ ያለው ቀዳዳና ጎኑ ላይ ያለው ቁጥራቸው አልገጥም አለ።

ልብስ ላይ ይሄ ችግር አይደለም። እጅጌ ስትገጥም የእጅጌው ራስ ከብብቱ ክብ ሁልጊዜ ትንሽ ይረዝማል፤ ትርፉን በጣቷ እየበተነች ታስገባዋለች፣ ማንም አያውቅም። ሌዘሩ ላይም ይህንኑ ሞከረች። ትርፉ ግን አልተበተነም፤ ማዕዘኑ ላይ ተጠራቅሞ እብጠት ሠራ። ስፌቱን ፈታችው። ጨርቅ ቢሆን ተፈትቶ፣ በካውያ ተተኩሶ እንደ አዲስ ይሆናል። እዚህ ቀዳዳዎቹ እንዳሉ ቀሩ። በአጠገባቸው ሌላ ቀዳዳ ቢበሳ መሀሉ ይቀደዳል። ያ ጎን ተጣለና ሌላ ተቆረጠ። ከ5 ካሬ ፊቱ የተረፈው አብዛኛው በዚህ አለቀ።

ለሁለተኛው ጎን ጋሼ ያሳዩዋት ዘዴ ይህ ነው። ማዕዘኑን ክብ አድርጊው፤ ሹል ማዕዘን ለጀማሪ አይሆንም። ርዝመቱን በሜትር ስትለኪ ዳሩን ሳይሆን ስፌቱ የሚያልፍበትን መስመር ለኪ። መብሳቱን ከታቹ መሀል ጀምረሽ ወደ ሁለቱም ወገን ሂጂ። ቀዳዳዎቹን ቆጥረሽ፣ እኩል ሲሆኑ ብቻ መርፌ አንሺ። የስፌቱን መስመር መለካቱንስ ታውቀው ነበር፤ እጅጌ ላይ የምታደርገው ነው። መቁጠሩ ግን አዲስ ሆነባት።

ስፌቱ

የሚገርመው ሁሉም የሚፈራው ክፍል ቀላሉ መሆኑ ነው። አንድ ክር፣ በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ መርፌ። ሁለቱም መርፌዎች በየቀዳዳው ከግራና ከቀኝ ይተላለፋሉ። የማሽን ስፌት ላይ የላዩና የታቹ ክር ቆዳው መሀል ይቆላለፋሉ፤ አንዱ ሲበጠስ ሌላው ይላላና ስፌቱ ይተረተራል። በዚህ የእጅ ስፌት ግን አንዱ ወገን ቢበጠስ ሌላው ለብቻው ይዞ ይቆያል። ኮርቻ የሚሰፋው በዚሁ መንገድ ነው፤ ጋሼ ከልጅነታቸው የሚያውቁት።

የክሩ ርዝመት የስፌቱን አራት እጥፍ ነው፤ ለ56 ሴንቲ ሜትር ሁለት ሜትር ከሩብ ግድም። የናይለን ክር ተጠቀመች፣ በማር ሰም እያሸች። ሰሙ ክሩ እንዳይላላና ውኃ እንዳይጠጣ ያደርጋል። ዱሮ ጅማት ነበር ይላሉ ጋሼ። ቅደም ተከተሉ ከተጀመረ አይቀየርም፤ የግራው መርፌ መጀመሪያ ከገባ እስከ መጨረሻው የግራው ነው የሚቀድመው። አንዴ ከተምታታ ስፌቱ ጥርስ እንደጎደለው ያስታውቃል። ሲያልቅ ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሶ ክሩ ይቆረጣል፣ ጫፉ በላይተር ይቀልጣል።

ገበሩ የሷ ግዛት ነው። ከካኪ ቆርጣ ለመቀሱ ጠባብ ኪስ፣ ለደብተሩ ሰፊ ኪስ ሠራችለት። ጋሼ ገበሩን ሲያዩት ዝም ብለው አገላበጡትና «ይሄንን እኔ አልችለውም» አሉ። ኪሶቹንና ቀለበት ማሰሪያዎቹን ቦርሳው ሳይዘጋ፣ ገና ዝርግ እያለ መስፋቷም ከልብስ የመጣ ልማድ ነው። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ቦርሳውን ዘግቶ፣ ከዚያ ኪስ ልስፋ ብሎ እጁን የሚያስገባበት ያጣል።

ጠርዙ አላማረም። ቪዲዮ ላይ ጠርዙን በውኃና በእንጨት አሽተው ሲያንፀባርቁት አይታ ነበር። ብዙ አሸችው፣ ምንም አልሆነም። ያ የሚሠራው በዛፍ ልጥና በመሳሰለው ለተለፋ ቆዳ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው አብዛኛው ሌዘር በክሮም የተለፋ ነው፤ በአጭር ጊዜ ይለፋል፣ ልስልስ ይላል፣ ግን ጠርዙ በመታሸት አይጠብቅም። ወይ ቀለም ይቀባል፣ ወይ በሰላ ቢላ አሳስቶ ማጠፍ ነው። እሷ ቀለም ቀባችው፤ እስካሁን ማዕዘኖቹ ላይ እየተላጠ ትደግመዋለች።

ማንገቻው

ጋሼ ለለቅሶ ገጠር በወረዱበት ሰሞን ቦርሳው ከማንገቻው በቀር አልቆ ነበር። ሌላ ሌዘር መግዛት ወጪ ነው። ከቁራጩ ዳር ደግሞ ልክ 120 ሴንቲ ሜትር ቀርቶ ነበር። ዳሩ ማለት ከሁሉም የላላው የሆዱ ጠርዝ ነው። ቆረጠችው፣ ሰፋችው፣ አንጠለጠለችው። ጋሼ ተመልሰው ሲያዩት «እንግዲህ ታይዋለሽ» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ክረምቱን በሙሉ ያዘችው። ጎንደር ሐምሌ ላይ እንዴት እንደሚዘንብ የሚያውቅ ያውቃል። መቀስ፣ ደብተር፣ አንዳንዴ የሁለት ሰው ዩኒፎርም ጨርቅ፣ ያውም እርጥብ ሆኖ። ማንገቻው 8 ሴንቲ ሜትር ረዘመ። ሲረዝም መሀሉ ጠበበ። ከቀለበቱ አጠገብ ያሉት ቀዳዳዎች ተጎትተው እንደ እንባ ሞላላ ሆኑ። አንድ ጊዜ ከሰል ምድጃ አጠገብ አስቀምጣ ልታደርቀው ብትሞክር ጠርዙ ደረቀና ተኮማተረ፤ የራሰ ሌዘር ጥላ ላይ በነፋስ ነው የሚደርቀው። አካሉ ግን ምንም አልሆነም። ያው የሆድ ሌዘር ሆኖ ካኪው ይዞታል።

እኔ ይህን ሳይ ጥፋቱ ከግድየለሽነት የመጣ አይመስለኝም። ልብስ ሰፊ ጨርቅ አታባክንም፤ የተረፈችውን ቁራጭ ቦታ ፈልጎ ማስገባት የሙያው ጥበብ ነው። ሌዘር ላይ ግን ቁራጩ የሚበቃው በርዝመቱ ሳይሆን በመጣበት የሰውነት ክፍል ነው። ከቦርሳው ሁሉ ክብደቱን የሚሸከመው ማንገቻው ስለሆነ፣ ምርጡ የጀርባ ሌዘር መጀመሪያ የሚመደበው ለሱ ነው። ፊቱ ይከተላል። ከዚያ ጀርባው፣ ጎኑና ኪሱ። እሷ በተቃራኒው ሄደች፤ የሚታየውን አስቀድማ፣ የሚሸከመውን ከተረፈው አደረገች።

ጥገናው ብዙም አላስቸገረም። ከጀርባ የተቆረጡ ሁለት አጫጭር ቁራጮች ተገኙ። ጫፋቸው ከሥጋ ወገን በቢላ ተፍቆ ሳሳ፣ ተነባብሮ ተጣበቀ፣ መገጣጠሚያው ዘለበቱ ሥር ተደበቀ። ሌዘሩ ድርብ ሆኖ መሀሉ ላይ የናይለን ጥብጣብ ገባበት፤ ጥብጣቡ ስለማይለጠጥ ጭነቱን እሱ ይይዘዋል። በሁለቱም ዳር ተሰፋ። ማሰሪያው ላይ ያሉት የተበላሹ ቀዳዳዎች ተቆርጠው ወጡና በአዲስ ቁራጭ ተተኩ።

ዋጋውና ከዚያ ወዲህ

ቦርሳውን ያየ ሁሉ «ስንት ትሸጪልኛለሽ?» ይላታል። አንዲት ደንበኛ ያ የሚላጠው ቦርሳ የሚሸጥበትን ዋጋ ጠራችላት። ሳቀች። የሌዘሩን፣ የዘለበቱንና የክሩን ወጪ እንኳ በጭንቅ ይሸፍናል፤ የእጁ ሥራ በነፃ ነው ማለት ነው። በአንድ ቦርሳ ጊዜ የምትሰፋው ዩኒፎርም ብዙ ነው፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ የሚጠብቃት ደንበኛ ሰልፍ ነው። የፋሲል ግቢ ጎብኚ እንደ ልብ በነበረበት ዘመን በእጅ የተሰፋ ሌዘር ዋጋውን የሚከፍል ገዢ አያጣም ነበር። ኮቪድና ጦርነት ተከታትለው ያንን ገበያ አቀዘቀዙት። ስለዚህ ቦርሳ ሠርቼ ልኑር የሚል ሐሳብ የላትም፤ እኔም አልመክራትም።

ያደረገችው ሌላ ነው። ሰው ይዞት የሚመጣውን ያረጀ እውነተኛ የሌዘር ቦርሳ ገበሩን ትቀይራለች። ይሄ ሥራ በከተማው የሚሠራው ሰው ጥቂት ነው፤ ጫማ ሰፊዎች ሌዘሩን እንጂ ገበሩን አይደፍሩትም፣ ልብስ ሰፊዎች ደግሞ ሌዘሩን ይፈራሉ። ማንገቻ የሚፈልገውን ለጋሼ ታስተላልፋለች፣ እሳቸውም ገበር የሚፈልገውን ወደሷ ይልካሉ። ሒሳቡን በየዕቃው ይካፈላሉ።

የአዲስ ቦርሳ ትእዛዝ የተቀበለችው አንድ ብቻ ነው፤ ለአንዲት ነርስ፣ ግማሹ ቅድሚያ ተከፍሎ። ሌዘሩን ልትገዛ ስትሄድ ጋሼን ይዛ ነው የሄደችው። ነጋዴው ለስላሳውን አወጣላት። «የጀርባውን አሳየኝ» አለችውና፣ ያመጣላትን ራሷ በሁለት እጇ ጎተተችው።